ላፕቶፕ ውስጥ የሚገባ ፒያኖ

እስቲ በእንቆቅልሽ እንጀምር። ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ዘፈን ለመቅዳት የፒያኖ ፕላጊን፣ ማለትም የቀረጻ ሶፍትዌር ውስጥ ገብቶ የፒያኖ ድምፅ የሚሰጥ ፕሮግራም፣ ፈለጋችሁ እንበል። አንዱ አይቮሪ 2 ይባላል፤ ሦስት ግራንድ ፒያኖዎችን ይዞ 77 ጊጋባይት ቦታ ይወስዳል። ሌላው ፒያኖቴክ ነው፤ እሱ ደግሞ 50 ሜጋባይት አካባቢ ነው፣ በስልክ ከተቀረጸ አጭር ቪዲዮ አይበልጥም። በመካከላቸው ከ1,500 እጥፍ በላይ ልዩነት አለ። ሆኖም ሁለቱም ሙያተኞች ቤት ይገኛሉ፣ ሁለቱም ጠበቃ ሆኖ የሚቆምላቸው አድናቂ አላቸው፣ ሁለቱንም የሰማ ሰው «ፒያኖ ነው» ይላል። እንዴት ሆኖ?

መልሱን ለማግኘት የእውነተኛውን ፒያኖ ክዳን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። ቁልፎቹ 88 ናቸው፤ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ግን ወደ 230 ይደርሳሉ፣ ከታችኞቹ ወፍራም ባሶች በስተቀር ለእያንዳንዱ ድምፅ ሁለት ወይም ሦስት ሽቦ ተወጥሮለታልና። ቁልፉን ስትጫኑ ሱፍ የለበሰ መዶሻ ሽቦውን መትቶ ይመለሳል፤ ሽቦው ላይ ተኝቶ የነበረው ማፈኛም ይነሳል። ጣታችሁን ስታነሱ ማፈኛው ተመልሶ ያርፍና ድምፁን ይገድለዋል። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። ነገሩ የሚወሳሰበው የመምታት ኃይል ሲመጣ ነው። ቀስ ብላችሁ ስትነኩት የመዶሻው ሱፍ ለስላሳ ሆኖ ያርፋል። ስታጠብቁት ግን ሱፉ ተጠቅጥቆ ይደነድናል፣ ድምፁም መጠኑ ብቻ ሳይሆን መልኩ ይለወጣል፤ ይደምቃል፣ ይሰላል፣ አንዳንዴም ብረት ብረት ይላል። ስለዚህ በለሆሳስ የተመታ ፒያኖ ቀድታችሁ ቮልዩሙን ብታሳድጉት በኃይል የተመታ ፒያኖ አታገኙም። የምታገኙት ጮክ ያለ ሹክሹክታ ነው።

ፕላጊን ሠሪዎች ይህን ለማለፍ የያዙት የመጀመሪያው መንገድ ሳምፕል ይባላል። ጥሩ ፒያኖ ጥሩ አዳራሽ ውስጥ ያስቀምጣሉ፣ ማይክ ይተክላሉ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ቁልፍ ከለሆሳስ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ኃይል በየደረጃው እየመቱ ይቀዳሉ። አብረን እናስላው። በሰከንድ 48,000 ጊዜ፣ በ24 ቢት፣ በስቴሪዮ የተቀዳ ድምፅ በየሰከንዱ 288,000 ባይት ይበላል። የባሱ ድምፅ ረጅም ዕድሜ አለው፣ የላይኞቹ ቶሎ ይሞታሉ፤ በአማካይ 20 ሰከንድ ብንይዝ አንድ ምት ወደ 5.8 ሜጋባይት ይሆናል። 88 ቁልፍ በ16 የኃይል ደረጃ ሲባዛ 1,408 ምት ነው፤ 8 ጊጋባይት አለፍን ማለት ነው። ማይኩን በሦስት ቦታ፣ ማለትም ሽቦው አጠገብ፣ ተጫዋቹ ራስ አካባቢና አዳራሹ መሃል ብናደርገው 24 ጊጋባይት ደረስን። ፔዳል ተረግጦ፣ ማለትም ማፈኛዎቹ ሁሉ ተነስተው፣ ያለውን ድምፅ ለብቻው እንቅዳ ካልን ደግሞ እጥፍ። በመጨመቂያ ዘዴ ይቀንሱት ይሆናል እንጂ የ77 ጊጋባይቱ ምስጢር ይኸው ነው፤ አስማት የለበትም፣ ብዛት ነው።

ይህ ሁሉ ድምፅ ራም ውስጥ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ90ዎቹ የነበሩ ኪቦርዶች ሜሞሪያቸው ኢምንት ስለነበር የምቱን መጀመሪያ ብቻ ይይዙና ጭራውን አንድ ትንሽ ቁራጭ እያዞሩ ይሞሉት ነበር። የድሮ ኪቦርድ ላይ አንድ ቁልፍ ይዛችሁ ብትቆዩ ድምፁ እየቀነሰም ቢሆን መልኩ አለመለወጡ ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ጊጋሳምፕለር የሚባል ሶፍትዌር መጣና ነገሩን ገለበጠው፤ የእያንዳንዱን ድምፅ ጅማሬ ብቻ ራም ላይ አስቀምጦ ቀሪውን እየተጫወታችሁ ከሃርድ ዲስክ ይስበዋል። አብሮት የመጣው ፒያኖ አንድ ጊጋባይት ነበር፣ በዚያ ዘመን ጉድ ያሰኘ መጠን። ከዚያ በኋላ ውድድሩ አላቆመም። ቪኤስኤል የተባለው የቪየና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ቪየና ኢምፔሪያል፣ 97 ቁልፍ ያለውን የቦዘንዶርፈር ፒያኖ በኮምፒውተር እያስመታ ለአንድ ቁልፍ ብቻ እስከ 1,200 የሚደርስ ቅጂ ሰብስቧል። ሰው ቢሆን ጣቱ ይዝል ነበር።

በሁለተኛው መንገድ ምንም አይቀዳም። ፒያኖቴክ እ.ኤ.አ. በ2006 ከፈረንሳይ ቱሉዝ ከተማ ብቅ ያለ ሥራ ነው። ከጀርባው ያለው ፊሊፕ ጊዮም ወደ ሂሳብ ሊቅነት ከመግባቱ በፊት ፒያኖ ይቃኝና ይጠግን የነበረ ሰው ነው፤ ለእኔ የዚህ ታሪክ ጣፋጭ ክፍል ይኸ ነው። መሣሪያውን በመቃኛ ቁልፍ ያወቀ ሰው በቀመር ጻፈው። ቁልፉን ስትጫኑ ፕሮግራሙ የመዶሻውን ፍጥነትና የሱፉን ጥንካሬ፣ የሽቦውን ርዝመትና ድምፁን የሚያጎላውን ሳንቃ መርገብገብ እያሰላ ድምፁን እዚያው በዚያው ይፈጥረዋል። ፋይሉ ትንሽ የሆነው ለዚህ ነው፤ የያዘው የፒያኖን አሠራር እንጂ ቅጂውን አይደለም። መዶሻውን ማጠንከር፣ ክዳኑን መክፈትና መዝጋት፣ ፒያኖውን ትንሽ ቅኝቱ እንዲላላ ማድረግ ይቻላል። ሮላንድም እ.ኤ.አ. በ2009 ቪ-ፒያኖ ብሎ በዚሁ መንገድ የሚሠራ ኪቦርድ አውጥቷል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ክርክሩ ማለቂያ የለውም፣ እኔም የራሴን ፍርድ እንካችሁ። ዝም ብሎ ለሚያዳምጥ ሰው በደንብ የተቀዳ ሳምፕል ያሸንፋል፤ እውነተኛ እንጨት፣ እውነተኛ አዳራሽ፣ እውነተኛ ማይክ አለበት። በሂሳብ የተሠራው ፒያኖ በተለይ መሃል ላይ፣ ገለጥ ብሎ ለብቻው ሲጫወት፣ አንዳንድ ጆሮ ላይ ቀዝቀዝ ይላል። ለሚጫወተው ሰው ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ደረጃ የለውም፣ ከለሆሳስ ወደ ኃይል ስትሄዱ ያለ ዝላይ ይከተላችኋል፣ ፔዳሉ እንደ ፔዳል ይሠራል። እና ይቺን ያዙልኝ፤ ፒያኖ ፕላጊን በጣት ነው የሚመረጠው። ማሳያ ቪዲዮ እየሰሙ መምረጥ ሌላ ሰው ሲበላ አይቶ እንደ መጥገብ ነው። ቪዲዮው ላይ የሚጫወተው ጎበዝ ፒያኒስት ነው፣ ኪቦርዱ ከናንተ አሥር እጥፍ ውድ ነው፣ ላዩ ላይ ሪቨርብ፣ ማለትም የአዳራሽ ማስተጋባት፣ ተደፍቶበታል።

ጣት ስንል ኪቦርዱን ማለታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ብቅ ያለው ሚዲ የሚባለው ቋንቋ ለእያንዳንዱ ምት ከ1 እስከ 127 የሚደርስ ቁጥር ይሰጣል፤ ቬሎሲቲ ይሉታል። ኪቦርዱ የሚለካው ጣታችሁ ቁልፉን በምን ፍጥነት እንዳወረደው ነው። ፕላጊኑ የሚያውቀው ይህን ቁጥር ብቻ ነው። ስለናንተ ስሜት፣ ስለ ትከሻችሁ፣ ስለ ትዝታችሁ ምንም አያውቅም፤ 64 ብላችሁ ከላካችሁት 64ን ያጫውታል።

ዛሬ ማታ ልታደርጉት የምትችሉት ነገር አለ። የቀረጻ ሶፍትዌራችሁን ክፈቱና ለሁለት ደቂቃ ያህል የምታውቁትን ዜማ ተጫወቱ፤ በጣም በለሆሳስም፣ በጣም በኃይልም። ከዚያ የተቀዳውን ሚዲ ከፍታችሁ ከታች የሚታዩትን የቬሎሲቲ ዘንጎች ተመልከቱ። ክብደት የሌላቸው ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርዶች ላይ ብዙ ጊዜ የምታዩት ዘንጎቹ መሃል ላይ ታጭቀው፣ ወይም ትንሽ ጠበቅ ስታደርጉ ሁሉም 127 ጣሪያ ላይ ተለጥፈው ነው። ከ40 በታች አንድም የለም እንበል። ታዲያ የገዛችሁት ፕላጊን 16 ደረጃ ቢኖረው ምን ዋጋ አለው? ለስላሳዎቹ አራት አምስት ደረጃዎች አንድ ቀን ሳይሰሙ ዲስካችሁ ላይ ተኝተው ይኖራሉ። «ይሄ ፕላጊን ደረቅ ነው፣ ይጮኻል» የሚባለው ቅሬታ ግማሹ ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል። መድኃኒቱ ነፃ ነው፤ ሁሉም ደህና ፕላጊን ማለት ይቻላል የቬሎሲቲ ከርቭ የሚባል መስመር አለው። መስመሩን መሃሉ ላይ ወደ ታች ስትጎትቱት ኪቦርዱ የላከው 60 ወደ 40 ይወርዳል፣ ለስላሳው ድምፅም በሩ ይከፈትለታል። አንዳንዱ ፕላጊን እንዲያውም ቀስ በቀስ እየጠበቀ የሚሄድ ምት አስመትቶ ከርቩን ራሱ ያወጣላችኋል። ሌላ ፒያኖ ከመግዛታችሁ በፊት እዚህች መስመር ላይ ግማሽ ሰዓት ብታጠፉ አትጸጸቱም።

ከርቩ ተስተካከለ። አሁን ፕላጊኑን ራሱን እንፈትን። ሪቨርቡን አጥፉ፤ ሪቨርብ ብዙ ኃጢአት ይሸፍናል። ሄድፎን አድርጉ። መሃል ካሉት ቁልፎች አንዱን ያዙና ልትሰሙት ከምትችሉት ለስላሳ ምት ጀምራችሁ ሃያ ጊዜ ያህል እየጨመራችሁ ምቱ። ጆሯችሁ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ድምፁ የሆነ ቦታ ላይ በድንገት ሌላ ፒያኖ ይሆናል ወይስ አይሆንም? የሚዘል ከሆነ ደረጃዎቹ ጥቂት ናቸው ወይም በደንብ አልተገጣጠሙም። ቀጥሎ ያንኑ ቁልፍ በእኩል ኃይል ቶሎ ቶሎ ደጋግሙት። እውነተኛ ፒያኖ ላይ ሁለት ምት አንድ አይሆንም፣ ሽቦው ገና እየተርገበገበ ስለሆነ። መጥፎ ሳምፕል ላይ ግን የልብስ ስፌት መኪና ነው የምትሰሙት። ከዚያ የታችኛውን ባስ አንዴ መትታችሁ ያዙትና ሳትለቁ አዳምጡ። ትልቅ ኮንሰርት ግራንድ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ይቆያል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥም ድምፁ እየተወዛወዘ መልኩን ይለዋውጣል። ስድስት ሰባት ሰከንድ ላይ መልኩ ቀጥ ብሎ ከቆመ ጭራውን እያዞሩ ሞልተውታል ማለት ነው።

የምወደው ፈተና ግን የሚከተለው ነው። በቀኝ እጃችሁ መሃል ላይ ዶ፣ ሚ እና ሶልን ድምፅ ሳያወጡ ቀስ ብላችሁ ተጭናችሁ ያዙ። በግራ እጃችሁ የታችኛውን ዶ አንዴ ደንገጥ አድርጋችሁ መትታችሁ ልቀቁ። እውነተኛ ፒያኖ ላይ ማንም ያልመታቸው ሦስቱ ድምፆች ከየት መጣን ሳይሉ ይዘምራሉ፤ ማፈኛቸው ተነስቷል፣ የባሱ መርገብገብ ደርሶ ቀሰቀሳቸው። ፒያኖቴክ ይህን ያሰላዋል። ከሳምፕሎቹ ውስጥ አንዳንዱ በሌላ ዘዴ ያስመስለዋል፣ ሌላው ግን ዝም ይላል። ለፖፕ ዘፈን ዝም ቢል ማንም አያስታውሰውም። ለብቻ ለሚጫወት ፒያኖ ግን «ሕይወት አለው» እና «የለውም» የሚባለው ልዩነት አንዱ ምንጭ እዚህ ነው።

ፔዳሉን እንዳትረሱ። ርካሽ የእግር ፔዳል ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ወይ 0 ወይ 127 ይልካል። ፒያኖ ተጫዋች ግን ፔዳሉን ግማሽ፣ ሩብ፣ ለጥቂት ቅጽበት እየነካ ነው ድምፅ የሚያጠራው። ግማሽ ፔዳል የሚረዳ ፕላጊን ከመግዛታችሁ በፊት ፔዳላችሁና ኪቦርዳችሁ መካከለኛ ቁጥሮችን መላክ ይችሉ እንደሆነ እዚያው የሚዲ ስክሪን ላይ ተመልከቱ፤ ቁጥር 64 የሚባለው መቆጣጠሪያ ነው።

ስለ መዘግየትም በአጭሩ። ቁልፍ መትታችሁ ድምፁ ዘግይቶ ከመጣ ምርጡ ፒያኖም ያናድዳል። የቀረጻ ሶፍትዌራችሁ ላይ በፈር የሚባለውን ቁጥር በቀረጻ ፍጥነቱ፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ በሚለካበት ብዛት፣ አካፍሉት፤ 128 ለ48,000 ሲካፈል 2.7 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው። ድምፅ በአየር ላይ አንድ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሚሊሰከንድ ያህል ይፈልጋል፤ እውነተኛ ፒያኖ ላይ የተቀመጠ ሰውም ከሽቦው በግምት ያን ያህል ነው የሚርቀው። ኮምፒውተሩና ሳውንድ ካርዱ የራሳቸውን ትንሽ ይጨምሩበታል፣ ግን 128 ላይ ከሠራላችሁ ጣታችሁ አይከፋም። ዊንዶውስ የምትጠቀሙ ከሆነ አሲዮ በሚባለው የድምፅ ድራይቨር እንጂ ከኮምፒውተሩ ጋር በመጣው ተራ ድራይቨር አትጫወቱ። ፋይሎቹን ደግሞ ኤስኤስዲ ላይ አስቀምጧቸው። የድሮ ተሽከርካሪ ዲስክ ፔዳል ረግጣችሁ ብዙ ድምፅ ስትደራርቡ አልደርስ ብሎ መንጣጣት ይጀምራል። የሂሳቡ ፒያኖ ዲስክ አይጠይቅም፣ ፕሮሰሰር ግን ይጠይቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፤ ምን ልትቀዱ ነው? ድምፃዊ፣ ከበሮ፣ ቤዝና ጊታር ያለበት ዘፈን ከሆነ፣ ለብቻው ሲሰማ የሚያስደምመው ግዙፍ ግራንድ ፒያኖ ጠላታችሁ ነው። ባሱ ከቤዝ ጊታር ጋር ይጣላል፣ መሃሉ ድምፃዊውን ይሸፍናል፣ ከዚያ አቀናባሪው በኢኪው ግማሹን ቆርጦ ይጥለዋል። ሰላ ያለና ጠበብ ያለ ድምፅ ይሻላል፤ ያማሃ ሲ7 የሚባለው ፒያኖ በፖፕ ስቱዲዮዎች ይህን ያህል የተወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ፕላጊን ደግሞ ባሱን በግራ ጆሮ፣ የላይኛውን በቀኝ ጆሮ አድርጎ በሰፊው ዘርግቶ ይመጣል። ለተጫዋቹ ደስ ይላል። አድማጩ ግን ዘፈናችሁን በስልክ ስፒከር ነው የሚሰማው፤ ግራና ቀኙ አንድ ላይ ሲጨመቅ አንዳንዱ ፒያኖ ይከሳል፣ ድምፁ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስላል። ስለዚህ ሚክሱን አንዴ ሞኖ አድርጋችሁ ሳትሰሙ አትወስኑ። ሦስት የማይክ ቦታ ካለው አንዱን ብቻ ክፈቱ፣ የቅርቡን።

ለብቻው የሚጫወት ፒያኖ ከሆነ ግን ሌላ ዓለም ነው፣ እዚህ ላይ ፒያኒስቷን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ1923 ተወልደው በ2023 ኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ የቤት ቀረጻ ምን ማለት እንደሆነ ከሁላችን በፊት ያሳዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 «ሱቨኒርስ» ተብሎ የወጣው አልበማቸው ከ1977 እስከ 1985 አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ፣ በካሴት፣ ፒያኖ እየተጫወቱና እየዘፈኑ የቀዱት ነው። ከመስኮት ውጭ ያሉ ወፎች ሳይቀሩ ይሰማሉ። አዳራሽ የለም፣ የሚያብረቀርቅ ግራንድ የለም። ሰው፣ ክፍልና መሣሪያ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ የምትወዱ ከሆነ 77 ጊጋባይት ኮንሰርት ግራንድ ገዝታችሁ በኋላ እያደበዘዛችሁት ከምትለፉ ከመጀመሪያው በቅርብ ማይክ የተቀዳ አፕራይት ፒያኖ ፈልጉ፤ የቁልፉ ኳ ማለት፣ የፔዳሉ ሲጢጥታ ያልተጠረገበት።

የዚህ ዓይነት ድምፅ ባለፉት ዓመታት ፋሽን ሆኗል፣ የጀመረበት አንዱ ምክንያትም አስቂኝ ነው፤ ጎረቤት። ጀርመናዊው ፒያኒስት ኒልስ ፍራም ሌሊት ሲጫወት ጎረቤት እንዳይረብሽ በመዶሻውና በሽቦው መካከል ወፍራም ጨርቅ አስገባ፣ ማይኩንም ሽቦው ውስጥ ሊገባ እስኪደርስ አስጠጋው። እ.ኤ.አ. በ2011 «ፌልት» ብሎ አልበም አወጣበት። ከዚያ ወዲህ የታፈነ ፒያኖ የሌለው ፕላጊን ሠሪ የለም ማለት ይቻላል። ኔቲቭ ኢንስትሩመንትስ ከእሱው ጋር ኗር የሚባል ፕላጊን ሠርቷል፤ ስፒትፋየር ኦዲዮ ደግሞ ላብስ በሚለው ስብስቡ ሶፍት ፒያኖን በነፃ አቅርቧል። ማስጠንቀቂያ ቢጤ ልጨምር፤ የታፈነ ፒያኖ ማንም ቢነካው ያምራል፣ ለዚህም ነው ሁሉም አጭር ፊልም ላይ አንድ ዓይነት ሙዚቃ የምንሰማው።

የምትፈልጉት ጨርሶ ፒያኖ ላይሆንም ይችላል። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሺንግተን ሆኖ «ሸሞንሟናዬ»ን ብቻውን ሲቀዳ አኮርዲዮኑን ያጀበው በሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ በሲንተሳይዘርና በከበሮ ማሽን ነው። ያ የሚንሳፈፍ፣ ደወል ደወል የሚል ድምፅ ጆሯችሁ ውስጥ ካለ ግራንድ ፒያኖ ስታማርጡ አትድከሙ። ደግሞ ለማስመሰል ይቀላል፤ ሮድስ እንደ ግራንድ 230 ሽቦ እርስ በርስ የሚነጋገርበት መሣሪያ አይደለም።

ስለ ቅኝትም አንድ ነገር፣ ክራርና ማሲንቆ አብራችሁ ለምትቀዱ። ፒያኖ አንዱን ኦክታቭ እኩል 12 ቦታ ከፍሎ ተቀምጧል፣ እያንዳንዱ እርምጃ 100 ሴንት ነው። ክራር ደርዳሪ ግን ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን ወይም አንቺሆዬን የሚቃኘው በጆሮውና በዘፋኙ ጉሮሮ ነው፤ ድምፆቹ ፒያኖው መስመር ላይ እንዲያርፉ ማንም አላስገደደውም። ማሲንቆ ጋር ሲሆን ልዩነቱ ይብሳል፣ ጣቱ እንዳሻው ይንሸራተታልና። ሁለቱን አንድ ዘፈን ውስጥ ስታስገቡ አንዱ የተበላሸ ይመስላል፣ ብዙ ጊዜም ያለ ጥፋቱ «ቅኝትህን አስተካክል» የሚባለው ክራር ተጫዋቹ ነው። በሂሳብ የተሠራ ፒያኖ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይጎላል፤ ስታንዳርድ ከሚባለው እትሙ ጀምሮ ፒያኖቴክ የቅኝት ፋይል ይቀበላል፣ አንዷን ድምፅ ብቻ 20 ወይም 30 ሴንት ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ፣ ሽቦዎቹም በአዲሱ ቅኝት እርስ በርስ ይርገበገባሉ። ፒያኖው ወደ ክራሩ ይመጣል ማለት ነው። ይህን በደንብ የተጠቀመበት ብዙ ሰው አልሰማሁም፣ እናንተ ብትሞክሩት ደስ ይለኛል።

ገንዘቡስ? በነፃው ጀምሩ። ሳላማንደር ግራንድ ፒያኖ የሚባለው አሌክሳንደር ሆልም የተባለ ሰው አንድ ያማሃ ሲ5 በሁለት ማይክ፣ በ16 የኃይል ደረጃ ቀድቶ ለሕዝብ የለቀቀው ነው። ሁሉንም ቁልፍ አልቀዳም፤ ከየሦስቱ አንዱን ቀድቶ ቀሪዎቹን ከጎረቤታቸው እየጎተተ ይሞላል፣ ፋይሉም በዚያው ልክ ይቀላል። ስፎርዛንዶ በሚባለው ነፃ ማጫወቻ ይከፈታል። ለማሳያ ቅጂ፣ ለመዝሙር፣ ለልምምድ ይበቃል፤ ሚክስ ውስጥ ገብቶ ከውዱ የለየ አድማጭ ካጋጠማችሁ እንድታስተዋውቁኝ። ፒያኖቴክ የሙከራ ቅጂ አለው፣ 20 ደቂቃ ይጫወትና ይቆማል፣ ጥቂት ቁልፎችም ዝም ይላሉ፤ ከላይ ያልኳችሁን ፈተናዎች ለመሥራት ግን ይበቃል። አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ በሞባይል ዳታ 77 ጊጋባይት ማውረድ ራሱ ዋጋ ነው፣ መብራት መሃል ላይ ሲጠፋ ያለውን ሳንጨምር፤ በውጭ ምንዛሪ መክፈልም ለሁሉም አይገኝም፣ ብዙ ጊዜ ውጭ ያለ ዘመድ ነው ካርዱን የሚያውሰው። ክራክ የተደረገ ፕላጊን በየፍላሹ እንደሚዞር አውቃለሁ። የሞራሉን ነገር ለናንተ ልተውና፣ ከማን እጅ እንደወጣ የማይታወቅ ፋይል ዘፈናችሁ ሁሉ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ማስገባት አይዋጥልኝም፣ በተለይ ነፃና ንጹሕ አማራጭ እያለ።

ስትቀዱ ሁልጊዜ ሚዲውን ያዙ። ሚዲ የያዘው የጣታችሁን እንቅስቃሴ እንጂ ድምፁን ስላልሆነ፣ ዛሬ በሳላማንደር የተጫወታችሁትን ከዓመት በኋላ በፈለጋችሁት ፒያኖ ልታስጫውቱት ትችላላችሁ፤ ኪሎባይት ነው የሚመዝነው፣ ስልክ ላይም ይቀመጣል። እዚህ ላይ ግን ወጥመድ አለ። እያንዳንዱ ፕላጊን ለቬሎሲቲ የሚሰጠው መልስ የተለያየ ነው፤ በአንዱ ለስላሳ የነበረው ምት በሌላው ይጮኻል፣ ጣታችሁም ሲጫወት የነበረው ያን ጊዜ ለሚሰማው ድምፅ እየመለሰ ነው። ስለዚህ ፕላጊኑን ስትቀይሩ ከርቩን እንደገና አስተካክሉ፣ ዋና ዋና ቦታዎችን ደግሞ በአዲሱ ድምፅ እየሰማችሁ እንደገና ተጫወቷቸው። ዘፈኑ ሲያልቅ ደግሞ ፒያኖውን ወደ ኦዲዮ አውጡና ከሚዲው አጠገብ አስቀምጡት። ኮምፒውተር ይቀየራል፣ ፈቃድ ቁጥር ይጠፋል፣ የድሮ ፕላጊን አዲስ ሲስተም ላይ አልከፈት ይላል፤ የኦዲዮ ፋይሉ ግን በማንኛውም የቀረጻ ሶፍትዌር ይከፈታል።